ኦርጋኒስት ማለት አደራጅ ነው

እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ቃላት ሁሉ ሰው ከልቡ ያመነልኝ አንዱን ብቻ ነው። እሱም ስህተት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ከኮተቤ ወደ ካራ በሚያወጣው መንገድ፣ ወደ ዳገቱ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ያደረገኝ ትምህርት አይደለም፤ ዐሥረኛ ክፍልን ጀምሬ ወንበሩ ስላልተስማማኝ ትቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምር ነበር። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን አይተው «ይሄ ልጅ ‹ሀ›ን እንደ ዙፋን ነው የሚያስቀምጣት» አሉና በዚያው ሳምንት ቀጠሩኝ። ቀን የነዋሪነት ማረጋገጫ እጽፋለሁ፤ ከሥራ በኋላ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ግጥም እሠራለሁ፤ በመሀል ደግሞ በተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ የራሴን እሞነጫጭራለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። ግጥሞቼን እየተራመድኩ ስለምጽፋቸው መስመሮቹ ሁሉ ዳገት ይወጣሉ።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት ነው። ካራ ላይ አንድ ባለሱቅ ገጹን እየገነጠለ በርበሬ ሲጠቀልልበት ደርሼ የተረፈውን ገዛሁት። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ እንደ ባለሱቁ ገበያ ነው፤ በርበሬ በደንብ የተሸጠ ቀን የጎደሉት ቃላት እኔም ዘንድ የሉም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቀበሌው ውስጥ «እንግሊዝኛ ያውቃል» ይባልልኝ ነበር፣ እኔም ሲባል ዝም እላለሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ቀድሞ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ነበር። ከተወረሰ በኋላ ወንበሮቹ ባሉበት ቆዩ፣ መስቀሉ ወረደ፣ በመድረኩ ግድግዳ ላይ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተዘረጋ። ከጨርቁ ኋላ ምን እንዳለ የማውቀው እኔና ሊቀመንበሩ ነበርን፤ ንብረት ስንቆጥር አይተነዋልና። ትልቅ የእንጨት ሣጥን፣ ከላዩ በቁመት ቅደም ተከተል የተሰለፉ፣ አንዳንዱ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ፣ አንዳንዱ ከኔ የሚረዝም ቧንቧ። ሊቀመንበሩ በጣታቸው አንኳኩና «ጻፍ» አሉኝ። «ልዩ ልዩ ቧንቧ፣ ከነሣጥኑ።» ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሃምሳውን ያለፉ፣ ካኪያቸውን በየቀኑ የሚያስተኩሱ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሰው ናቸው። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃ። የላይኛው መንደር ሴቶች ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ቦኖ እየቀዱ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሲያልፉም በጽሕፈት ቤቱ መስኮት በኩል ሰላም እያሉ ይነካኳቸዋል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው መጣ ወይስ አሁንም እየተወያየ ነው?» ሊቀመንበሩ ይህን ከሰሙ ምሳ አይበሉም። እናም ያን ሁሉ ቧንቧ በአንድ ግድግዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ሲያዩት ልባቸው ዘለለ። ነቅለው፣ ገጣጥመው፣ ቦኖዋን ወደ ላይ ሊያወጧት ቆረጡ። ቧንቧ ሠሪ ተጠርቶ ቀን ተቆረጠለት።

ያ ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት መጣች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ጥፍሯን ከሥር የቆረጠች፣ ጫማዋ እንደ ዳንሰኛ ስስ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። «አውቶቡስ ያመልጠኛል» አለችና ፖስታ ሰጠችኝ። «መልሱን ነገ እወስዳለሁ።»

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማኅተሙ ከምሥራቅ ጀርመን። ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ወጥተው ማኅተሙን ሲያዩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ተርጉም» አሉኝ። «ነገ ጠዋት በአማርኛ እፈልገዋለሁ። ቃል እንዳትስት።»

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የሚናገረው መስመር ላይ «ኮንሰርት ኦርጋኒስት» ይላል። ኮንሰርትን አገኘሁት፤ ኅብረት፣ ስምምነት ይላል። ኦርጋኒስት ያለበት ገጽ ግን በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የተረፈው ቀጣዩ ገጽ የሚጀምረው ኦርጋናይዝ፣ ማደራጀት ከሚለው ቃል ነው። አሰብኩት። ሶሻሊዝምን የሚከተል ሶሻሊስት ነው። በታይፕ የሚጽፍ ታይፒስት ነው። እንግዲህ የሚያደራጅ ኦርጋኒስት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እንዲያውም በራሴ ኮራሁ። የቀረውን በዚያው ጉልበት ጨረስኩት፣ በማለዳም በሚያምረው ጽሕፈቴ ገልብጬ አቀረብኩ፤ «የደብዳቤው አምጪ የታወቀች የኅብረት አደራጅ ስለሆነች፣ በአዳራሹ የሚገኘውን መሣሪያ በነጻ እንድትጠቀም ይደረግ። የሥራዋን ውጤት የሚመረምር ሰው ከወር ተኩል በኋላ ከባሕር ማዶ ይመጣል።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መሣሪያ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ ዘንድ ምን መሣሪያ አለ? የዘበኛው ጠመንጃ ናት ያለችው፣ እሷም አትተኩስም።»

«የማደራጃ መሣሪያ ለማለት ይሆናል» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ቧንቧ ሠሪውን አታምጡት» አሉ። «መርማሪው መጥቶ እስኪሄድ ከአዳራሹ አንድ ምስማር እንዳይነቀል።»

በዚያው ቀን ስትመጣ ዘበኛው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣት። ሊቀመንበሩ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ሻይ ታዘዘላት። ሴትዮዋ ግራ እንደገባት ፊቷ ይናገር ነበር። አዳራሹን ልከፍትላት አብሬያት ስሄድ «አሥራ ሁለት መሥሪያ ቤት ዞሬያለሁ» አለችኝ። «ሙዚቃን እንዲህ የሚያከብር ቀበሌ ግን አላየሁም።»

ሙዚቃ የሚለውን ቃል ሰምቼ አሳለፍኩት። ቀዩን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ ከሣጥኑ ፊት ስትቀመጥ፣ ያቺን ስስ ጫማዋን ከሥር ወዳሉት ረጃጅም እንጨቶች ስታወርድ፣ ያ ያሳለፍኩት ቃል ተመልሶ መጣብኝ። ማብሪያ ነካች። ከሣጥኑ ውስጥ ማራገቢያ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ከዚያ ሁለት እጆቿንና ሁለት እግሮቿን በአንድ ጊዜ አሳረፈች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከጆሮ ይልቅ ከወንበሩ ነው የሰማሁት፤ ወንበሩ ሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመፈክሩ ላይ አቧራ ረገፈ። ስትጨርስ ዞር ብላ «ታሟል፣ ግን አልሞተም» አለች፤ ስለ ሣጥኑ ነው።

«ይሄ… ምንድን ነው የሚባለው?» አልኳት።

«ኦርጋን ነዋ። ደብዳቤውን አላነበብከውም እንዴ? ኦርጋን የሚጫወት ሰው ኦርጋኒስት ይባላል።»

በዚያች ደቂቃ ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ስላልተከፈተች ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ራሷን ይዛ ሳቀች። «እኔ? አደራጅ?» ከዚያ ሳቋ ባንዴ ቆመ። «ታዲያ ሻዩ፣ ሰላምታው፣ ቁልፉ…»

«ለአደራጅዋ ነው» አልኳት። ስለ ቧንቧውና ስለ ቦኖዋም ነገርኳት። ዞራ ቧንቧዎቹን አየቻቸው።

ያን ቀን የነገረችኝን ባጭሩ ልጻፈው። የደቡብ ሰው ናት፣ የሚሲዮን ተማሪ። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በእግር እየተረገጠ አየር የሚሞላ ትንሽ ሃርሞኒየም አገኘች፤ እግሯ ስለማይደርስ ታናሽ እህቷ ከሥር ቁጭ ብላ በእጇ ትጫንላት ነበር። እህትየዋ ሲሰለቻት ታቆማለች፣ መዝሙሩም እዚያው ይሞታል። ኋላ የትምህርት ዕድል አግኝታ ጀርመን ገባች። እዚያ በየከተማው ትላልቅ አዳራሾች እየዞረች ተጫወተች፣ ጋዜጣ ጻፈላት፣ ለዶክትሬትም የኛን ዜማ ማጥናት ጀመረች። የመጨረሻው ፈተና ሲቀራት አባቷ ታመሙና መጣች። አባቷን ቀበረች፣ መሥሪያ ቤት ገባች፣ ካሴት እየሰማች የሕዝብ ዘፈን በኖታ መጻፍ ሥራዋ ሆነ። አምስት ዓመት ኦርጋን አልነካችም። ካርቶን ላይ ቁልፎቹን ሥላ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትለማመድ እንደነበር ስትነግረኝ አልሳቀችም። አሁን አስተማሪዋ በሥራ ጉዳይ በአዲስ አበባ ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሊሰሟት ፈቅደዋል። ካለፈች ዲግሪዋ ይጸድቃል፤ ሳትጫወት ከቀረች ግን ፋይሏ ይዘጋል። ልትደርስበት የምትችለው ድምፅ የሚሰጥ ኦርጋን ደግሞ ይኸው የእኛው ቧንቧ ነው።

«ለሊቀመንበሩ እነግራቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እባክዎን ተዉት» አልኳት። የፈራሁት ከሥራ መባረሩን ብቻ አይደለም፤ ያኔ አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፣ እሱን ከስሜ ጎን መጻፍ አልፈለግሁም።

«ውሸት ላይ ቁጭ ብዬ መጫወት አልችልም። ጣቴ ይከዳኛል። ደግሞ ዕድሜዬን አትጨምርብኝ፤ አንቺ በለኝ።»

ሄደች። እኔም እንደ እስረኛ ከኋላዋ ተከተልኩ። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሡላት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ አደራጅ አይደለሁም» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ ሄደው በሩን ዘጉት። «ገባኝ» አሉ።

«ሙዚቀኛ ነኝ።»

«ሙዚቀኛ ነዎት። እኛም ለሚጠይቀን ሁሉ ሙዚቀኛ ናት ነው የምንለው።»

«እውነቴን እኮ ነው!»

«እውነትዎን ነው፣ እህት ጓድ። አምና የተላከው አደራጅም የእንስሳት ሐኪም ነኝ ብሎን ነበር። ሥራዎን ይሥሩ። ከዚህ ቤት ቃል አይወጣም።»

ውጪ ስንወጣ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። «ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ በቃኝ» አለችኝ። «የቀረው ያንተ ነው። ቃሉን የጻፍከው አንተ ነህ፣ የምታፈርሰውም አንተ ነህ።»

«ፈተናው ያለቀ ዕለት እነግራቸዋለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ወር በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም ብል ሐሰት አይሆንም። ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ እኔ ኖታውን እገልጥላታለሁ። ኖታ ማንበብ ስለማልችል ራሷን ስትነቀንቅ ነው የምገልጠው። አንዳንዴ ለዝንብ ስትነቀንቅም ገልጬ አውቃለሁ። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች አዳራሹ በር ላይ እንስራቸውንና ባልዲያቸውን አስቀምጠው ማረፍ ለመዱ። «ዛሬ ደግሞ ምን ያደራጃሉ?» ይላሉ፤ ወሬው ለካ መንደሩን አዳርሷል። አንደኛዋ፣ ምላሷ ስል የሆነው፣ «ካድሬ እንዲህ የሚያለቅስ ድምፅ ካለው እኔም እደራጃለሁ» አለች።

ለፈተናው ከምትጫወተው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጥንት ጀርመኖች የጻፉት ነው። ሦስተኛው በቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ የሠራችው የራሷ ነበር፤ ጥናቷ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ዜማው ልክ እንዳልመጣላት ስላሰበች አንድ እሑድ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣን፤ አንድ መሪጌታ ልትሰማ። ባሕር ዛፉ መሀል በእግር ነው የሄድነው፤ እኔ እየሮጥኩ ወጥቼ እየተመለስኩ እጠብቃታለሁ። መንገድ ላይ ግጥሜን አነበብኩላት። ረጅም ነበር። ለኪነት ቡድኑ የሠራሁት ስለሆነ ቤቱ ሁሉ በ«ስት» ይመታል።

ስጨርስ «የት ጋ ነው የምትተነፍሰው?» አለችኝ።

«አልተነፍስም።»

«ያስታውቃል። አድማጩም አብሮህ ነው የሚታፈነው። ነፋስ ባለቀበት ቦታ ኦርጋን እንኳ ዝም ይላል።»

ተቀየምኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አላነጋገርኳትም፤ ይኸውም ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

መሪጌታው በዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ልጄ፣ ከነዚያ ከጴንጤዎቹ ነሽ?»

«ነኝ አባቴ።»

«መልካም። እንግዲያ አፍሽን እዚያው ተዪው፣ ጆሮሽን ብቻ አምጪ።» ዜማውን በዕዝል አዜሙላት፤ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ በየመሀሉ ረጅም ዝምታ ያለው። እሷ ዝምታውንም ትጽፈው ነበር፤ እርሳሷ ባዶ ቦታ ላይ ምልክት ሲያደርግ አየሁ። ሲጨርሱ «ያ የናንተ ዕቃ ይተነፍሳል?» ብለው ጠየቋት። ሣጥኑ ውስጥ ወናፍ እንዳለው፣ አሁን ማራገቢያ እንደሚሞላው፣ ድሮ ግን ከጎኑ ባለው እጀታ ሰው ይነፋው እንደነበር ነገረቻቸው። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወናፍ ያለው በገና በይኛ። መጥቼ አየዋለሁ።»

መጡም። የፈተናው ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፈታኙ አስተማሪዋ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ አስተርጓሚ ይዘዋል። መሪጌታው በመቋሚያቸው ተደግፈው ከፊት፣ የኪነት ቡድኑ ከመሀል፣ ውሃ ቀጂዎቹ ከነዕቃቸው ከኋላ። ሊቀመንበሩ ካኪያቸውን በስታርች አድርቀው ከፈታኙ ጎን ተቀመጡ። ቀዩን ጨርቅ ራሳቸው አንሥተው አጥፈውት ነበር፤ «መሣሪያው ይታይ» ብለው።

አስተርጓሚው ተነሥቶ «ዛሬ የምናዳምጣት ኦርጋኒስት» ብሎ ጀመረ። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው እኔን ፈለጉኝ። እኔ ከኦርጋኑ ጎን ቆሜ ወደ ጣራው አየሁ።

የመጀመሪያውን ተጫወተች። ሁለተኛውን ተጫወተች። ፈታኙ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን በከዘራቸው ላይ ይመቱ ነበር። ሦስተኛውን ጀምራ፣ ዕዝሉ ከታች ከእግሯ በኩል ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ መሪጌታው ቀና ሲሉ፣ መብራት ጠፋ። ቀን ስለሆነ ማንም አላወቀውም ነበር፤ ኦርጋኑ ግን ወዲያው አወቀው። ድምፁ እንደሚያንቀላፋ በሬ ወረደ፣ ወረደ፣ አቃሰተና ቆመ።

እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈታኙ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ሰዓታቸውን አዩ። አውሮፕላናቸው የዚያኑ ዕለት ነበር። እሷ ወደ ኔ ዞረች። ዓይኗ ሣጥኑ ጎን ያለው እጀታ ላይ ነበር።

ዘልዬ ያዝኩት። በሙሉ ጉልበቴ ወደ ታች ሳብኩት፣ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ከውስጥ ቆዳው ተንቋቋ። እሷ ጀመረች። ድምፁ ወጣ፣ ግን እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል። በፈጠንኩ መጠን ይብስበታል። ላብ ዓይኔ ገባ። ከኋላዬ አንድ ከባድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። «ወናፍ እንዲህ ነው የሚነፋው? ልቀቅ።» ኮታቸውን አውልቀው ጫኑብኝ። እጀታውን ያዙና እንደኔ አልጎተቱትም፤ ተደገፉት። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። «አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሙላ። ነፋስ እኩል መሆን አለበት። ነፋሱ ካነሰ ብረቱ ይቀዘቅዛል።»

ድምፁ ረጋ። እውነት ለመናገር በመብራት ከነበረው ይልቅ ረጋ።

«ይሄን የት ነው የተማሩት?» አልኳቸው።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከእጀታው ሳያነሡ። «እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ወናፍ ነፍቻለሁ። ሰው በዚህ ይጸየፈን ነበር። እንዳትጽፈው።» ጥቂት ነፉ። «አንተ።»

«አቤት።»

«ኦርጋኒስት ማለት ምንድን ነው?»

ገጽ መግለጥ ነበረብኝና ሄጄ ገለጥኩ። ተመልሼ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ መሸሻ አልነበረኝም። «ኦርጋን የሚጫወት ሰው ነው» አልኳቸው። «ይሄ ሣጥን ኦርጋን ይባላል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ገጹ በርበሬ ተጠቅልሎበት ነበር።»

«አደራጅ አይደለችም?»

«ራሷ እኮ ነግራዎታለች።»

እጀታው መሀል ላይ ቆመ። ወናፉ ውስጥ የቀረው ነፋስ ማለቅ ጀመረ፤ የላይኛው ድምፅ በትንሹ ሲጠወልግ ሰማሁት፤ እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ጀርባዋ ተገተረ። ሊቀመንበሩ ያዩኝ አስተያየት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ወር ተኩል ሙሉ ያቀበሉት ሻይ፣ ስለሷ ለበላይ የላኩት ሪፖርት፣ የሰጡት ሰላምታ ሁሉ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁ። እጃቸውን ቢለቁ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ስንት ገጽ ቀራት?» አሉ።

«አራት።»

ተደገፉት። እጀታው ወረደ። «ሂድ ገጽህን ግለጥ» አሉኝ። «ጥፋትህን ሰኞ እንነጋገራለን።»

አራቱን ገጽ ነፉ። ዜማው ውስጥ ያ የእንጦጦው ዝምታ ሲመጣ እሳቸውም እጀታውን ይዘው ዝም ይላሉ፤ ማንም አልነገራቸውም። የመጨረሻው ድምፅ ሲቆም ከኋላ አንዲቱ ባልዲ ተንኳኳች፣ ሌላ ምንም አልተሰማም። መሪጌታው መቋሚያቸውን አንዴ መሬት ላይ መቱ። «ጆሮዋን አምጥታ ነበር» አሉ።

ፈታኙ የተናገሩትን አስተርጓሚው ሲያስረዳ፣ ማለፏን ያወቅነው ከቃሉ ሳይሆን ከእሷ ፊት ነው፤ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቀጥለው ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ እጀታው አመለከቱ። በሦስተኛው ላይ ነፋሱ ከሁሉም የተሻለ እንደነበር፣ የሰጠውም ማን እንደሆነ ማወቅ እንደሚፈልጉ ተተረጎመ።

ሊቀመንበሩ ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ኮታቸውን ከኔ ተቀብለው ለበሱ፣ ቁልፋቸውን እስከ አንገት ዘጉ። «የቀበሌው ሕዝብ ነው በላቸው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዬን ሰብስቤ ነው ቢሮ የገባሁት፤ ዕቃዬ ያው መዝገበ ቃላቱ ነበር። ሊቀመንበሩ የንብረት መዝገቡን ገልጠው ጠበቁኝ። አጠገቡ የእንግዶች መዝገብ አለ፤ ከወር ተኩል በፊት በሚያምረው እጄ «የኅብረት አደራጅ» ብዬ ያስገባኋት እዚያ ነው።

«ቅዳሜ ሁሉም ሲሄድ ተመልሼ አየሁት» አሉኝ። «አንዱን ቧንቧ በጥፍሬ ጫን ባደርገው ገባ። እንደ ሰም ነው። ብረት አይደለም። ይሄ ውሃ አይሸከምም፤ ይሄ የነፋስ ነው።» የቀጥቃጭ ልጅ ሆነው ይህን ቀድመው ሳያዩ መቅረታቸው ከኔ ስህተት ይልቅ ያናደዳቸው መሰለኝ። «በል፣ ‹ልዩ ልዩ ቧንቧ› ያልከውን ሰርዝ። ‹ኦርጋን፣ አንድ› በል።»

ሰርዤ ጻፍኩ። በችኮላ ስለጻፍኳት ‹ኦ› እንደ ዙፋን አልተቀመጠችም። «የእንግዶቹንስ?» አልኳቸው። «አደራጅ የሚለውን?»

በመስኮቱ በኩል ያቺ ምላሰ ስል እንስራዋን አዝላ ስታልፍ ታየች። ቆም አለች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜስ ነፋሱን አመጡልን፤ ውሃውስ?»

«በብረት ይመጣል!» ብለው መለሱላት። ወደኔ ዞሩ፤ ሊስቁ ሲሉ ካኪው የከለከላቸው ይመስል ነበር። «በአንድ ቀን ሁለት ስርዝ ያስጠይቃል» አሉ። «አደራጅ የሚለውን ተወው።»

ተውኩት። እሷም ዲግሪዋ መጽደቁን የሚገልጸውን ወረቀት ስትቀበል መጣች፤ መዝገቡን አሳየኋት፤ ጣቷን በቃሉ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ ገብታ ተጫወተች። መብራት ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን ከቢሯቸው ወጥተው፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ከእጀታው አጠገብ ቆሙ፤ ምናልባት ቢጠፋ።